የድሮ የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ መሰብሰብ ለምትፈልጉ፦ መጀመሪያ ብረቱን ማንበብ ተማሩ

ሰውየው ጠመንጃውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ይሄ ኖርማንዲ የወረደ ነው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ኤም ዋን ጋራንድ የሚባለው፣ የአሜሪካ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታጠቀው ጠመንጃ ነበር። እንጨቱ ጠቆር ያለ፣ ሰደፉ የተጫጫረ፣ ሲያነሱት ክብደቱ የሚሰማ። ልቤ ድው ድው አለ። ግን ራሴን ያዝ አደረግሁና ከኋላ ማነጣጠሪያው ጀርባ የተመታውን ቁጥር አነበብኩ። ከ4,200,000 በላይ ነው። አሜሪካና አጋሮቿ ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ ላይ ጦር ያወረዱት ጁን 6 ቀን 1944 ነው። የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሆነው ስፕሪንግፊልድ ደግሞ ከ4,200,000 በላይ ያሉትን ቁጥሮች መምታት የጀመረው በ1952 ነው። ጠመንጃው ሲሠራ ኖርማንዲ ቢያንስ የስምንት ዓመት ታሪክ ሆኗል ማለት ነው። (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ዋሸ አልልም። እሱም ከሸጠለት ሰው የሰማውን ይሆናል የነገረኝ። ቁጥሩን አሳየሁት፣ ዋጋውን ቀነሰልኝ፣ ገዛሁት። ዛሬም ቤቴ አለ፤ በጣም ነው የምወደው። ኖርማንዲ አልደረሰም እንጂ የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩ ደግሞ ብረቱና እንጨቱ ላይ ተጽፏል። ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው። ወሬውን አዳምጡ፣ ገንዘብ የምትከፍሉት ግን ብረቱ ላይ ላነበባችሁት ይሁን።

የቱን ልሰብስብ?

የአሜሪካ ጦር ከእርስ በርስ ጦርነቱ ጀምሮ የታጠቀውን ሁሉ ላሳድድ ያለ ሰው ዓይን አዋጅ ይሆንበታል። አንድ መስመር ያዙ። አንድ ጦርነት፣ አንድ ፋብሪካ፣ ወይም አንድ ሞዴል ብቻ። ያኔ ዓይናችሁ ቶሎ ይሠለጥናል፤ ሃያኛውን ጋራንድ ያየ ሰው ከመጀመሪያው ጋራንድ ያላየውን ያያል።

ከጥንቱ ለመጀመር የሚሻ ትራፕዶር የሚባለውን የ1873ቱን ስፕሪንግፊልድ ይመልከት። በርሜሉ ኋላ ያለው ብረት እንደ ትንሽ በር ወደ ላይ ይከፈታል፣ አንዲት ወፍራም 45-70 ጥይት ይገባል፣ ይዘጋል፣ ይተኮሳል። እሱን የተካው ክራግ የኖርዌይ ሰዎች ንድፍ ነው። ጦሩ በ1892 ተቀብሎት በ1898 ከስፔን ጋር በተደረገው ጦርነት ተዋግቶበታል። ጥይቱ የሚጎርሰው በጎን ከምትከፈት ትንሽ በር ነው። የክራግ ቦልት፣ ማለትም ጥይቱን አስገብቶ የሚዘጋው ተንሸራታች ብረት፣ እንዴት እንደሚንሸራተት በቃል መግለጽ ይከብዳል። አንድ ጊዜ ስባችሁ መልሱት፤ ቅቤ ላይ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

ቀጥሎ የመጣው ስፕሪንግፊልድ 1903 ነው። መልኩ ያምራል፣ ሥራው ጥንቁቅ ነው፣ ግን አንድ ነገር ጀማሪው ሁሉ ማወቅ አለበት። ስፕሪንግፊልድ የሠራቸው ከ800,000 በታች ቁጥር ያላቸው፣ ሌላው የመንግሥት ፋብሪካ ሮክ አይላንድ የሠራቸው ደግሞ ከ285,507 በታች የሆኑት አይተኮሱም። ምክንያቱ የብረቱ አሠራር ነው። በዚያ ዘመን ሠራተኛው የብረቱን ግለት የሚለካው ቀለሙን በዓይኑ አይቶ ነበር። የፀሐይ ብርሃን በበዛበት ቀን ብረቱ ያልጋለ ይመስላል፣ ሠራተኛው ይጨምርበታል፣ ብረቱ ከመጠን በላይ ይቃጠላል፣ ተሰባሪ ይሆናል። ጥቂቶቹ ተኳሹ ፊት ላይ ፈነዱ። ሁሉም ይፈነዳል ማለት አይደለም። የትኛው እንደሚፈነዳ ግን ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ግዙት፣ ውደዱት፣ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ ጥይት አታጉርሱት።

ኤም1917 ብዙ ሰው የሚንቀው ጠመንጃ ነው፤ እኔ ግን ለጀማሪ ደጋግሜ የምመክረው እሱን ነው። ሦስት ፋብሪካዎች፣ ዊንቸስተር፣ ሬሚንግተንና ኤዲስተን፣ ለእንግሊዝ ይሠሩት የነበረውን ንድፍ ለአሜሪካ 30-06 ጥይት አስተካክለው ከ2 ሚሊዮን በላይ አመረቱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ የዘመተው የአሜሪካ ወታደር አብዛኛው የያዘው 1903ን ሳይሆን ይህንን ነበር። ጠንካራ ነው፣ ሦስት ፋብሪካ ብቻ ስለሆነ መለየቱ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ከ1903 ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ኤም ዋን ጋራንድን ብዙዎቻችን በስሙ እናውቀዋለን። የቃኘው ሻለቃ ልጆች ኮሪያ ተራሮች ላይ የተሸከሙት እሱን ነው፤ እኔም ወደዚህ ነገር የገባሁት ከዚያ ነው። ጦሩ በ1936 ተቀበለው፤ ንድፉ የጆን ጋራንድ ነው። ስምንት ጥይት በአንድ የብረት ማቀፊያ ይገባል፣ የመጨረሻዋ ስትተኮስ ማቀፊያው ፒንግ ብሎ ይወረወራል። ወደ 5.4 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስፕሪንግፊልድና ዊንቸስተር፣ በ1950ዎቹ ደግሞ ስፕሪንግፊልድ፣ ኢንተርናሽናል ሃርቬስተርና ሃሪንግተን ኤንድ ሪቻርድሰን ሠርተውታል። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የትራክተር ፋብሪካ ነው፤ የእርሻ መሣሪያ ሠሪ ጠመንጃ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት የሚወዱ ሰብሳቢዎች እሱን ብቻ ያሳድዳሉ።

ይህ ነገር ደግሞ ኤም ዋን ካርባይን ላይ ይብሳል። ካርባይን ማለት አጭር ጠመንጃ ነው። ይሄኛው ቀላል ነው፣ ሁለት ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው የተሠራው። የሠሪዎቹን ስም ስሙልኝ፦ የጽሕፈት መኪና የሚሠራው አንደርውድ፣ አይቢኤም፣ ጁክ ቦክስ (ሳንቲም ሲገባበት ሙዚቃ የሚያጫውት ሳጥን) የሚሠራው ሮክ-ኦላ፣ የጀነራል ሞተርስ ክፍል የሆነው ኢንላንድ። አሥር ዋና ሠሪዎች ነበሩ። ከአሥሩም አንድ አንድ ልያዝ የሚል ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ አገኘ ማለት ነው። ኢንላንድ በየቦታው አለ፣ ኢርዊን-ፒደርሰን ግን ብርቅ ነው፤ ስለዚህ ሐሰተኛውም የሚበዛው እዚያ ነው።

ሕጉን ቀድማችሁ ጨርሱ

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 1898 መጨረሻ የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ነው የሚቆጠረው፤ ያለ ነጋዴ ከሰው ወደ ሰው ይሸጣል። ትራፕዶር እዚህ ይገባል። ክራግ ግን ገሚሱ ይገባል ገሚሱ አይገባም፤ የሚወስነው የተሠራበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ላሉት ሲ ኤንድ አር የሚባል የሰብሳቢ ፈቃድ አለ። የጦር መሣሪያን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ኤቲኤፍ፣ ነው የሚሰጠው፤ ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው። በመሠረቱ 50 ዓመት የሞላውና በቀድሞ ይዞታው ያለ ጠመንጃ ሁሉ ይሸፈናል። ፈቃዱ ካላችሁ ጠመንጃው ከሌላ ግዛት በቀጥታ ወደ ቤታችሁ ሊላክ ይችላል። በምላሹ የገባውንም የወጣውንም በመዝገብ መጻፍ አለባችሁ። ፈቃዱ ለመሰብሰብ እንጂ ለመነገድ አይደለም፤ ገዝቶ ማትረፍ የጀመረ ሰው መስመር አልፏል። እንደ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ያሉ ግዛቶች ደግሞ ከፌዴራሉ በላይ የራሳቸው ሕግ ስላላቸው የምትኖሩበትን ግዛት ሕግ ለብቻው አንብቡ።

የኛ ሰው የሚጠይቀኝን ላንሳ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከጥቂት ጠባብ ሁኔታዎች በቀር፣ ጠመንጃ መግዛትም መያዝም አይችልም። ነጋዴ ጋ በምትሞሉት ቅጽ ላይ የሐሰት መልስ መስጠት ራሱ ከባድ ወንጀል ነው። ለአጎቴ አገር ቤት ልላክለት የሚል ሐሳብ ያለው ካለ ደግሞ ይተወው፤ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጠመንጃ ከአሜሪካ ማውጣት እስር ቤት ያስገባል።

ሌላው አደጋ አውቶማቲክ ነው። ጋራንድን የተካው ኤም14 ሲሠራ አውቶማቲክ ስለነበር በሕግ ዘላለም ማሽን ጠመንጃ ነው፤ ገበያ ላይ የምታዩት ኤም1ኤ የተባለው ለሲቪል የተሠራ ነው። ኤም2 ካርባይንም እንደዚሁ። ከኤም ዋን ካርባይን ጋር የኤም2ን አውቶማቲክ ክፍሎች አንድ ላይ ማስቀመጥ እንኳ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ የአያት ሳጥን ውስጥ የተገኘ ኮተት ካለ ሳትነኩት ጠበቃ ጠይቁ።

ብረቱ እንዴት ይነበባል

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ሻጩ «ባዶ ነው» ቢልም ራሳችሁ ክፈቱ፣ በዓይን እዩ፣ በጣት ዳስሱ። ጋራንድ ላይ እጀታውን ወደኋላ ስባችሁ በመዳፋችሁ ጎን ደግፋችሁ ያዙት፤ ካለዚያ ቦልቱ ተወርውሮ አውራ ጣት ይቀረጥፋል።

ከዚያ ቁጥሩ። ቁጥሩ ያለው ሪሲቨሩ ላይ ነው፤ ቦልቱ የሚመላለስበት፣ በርሜሉ የሚገጠምበት ዋናው ብረት ማለት ነው። ሻጭ «ቁጥሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው» ካላችሁ ተጠንቀቁ። ያ የጀርመን ሞዜር ወግ ነው። የአሜሪካ ጦር እያንዳንዱን ክፍል በጠመንጃው ቁጥር አልመታም። ጋራንድ ላይ የምታዩዋቸው እንደ ዲ28287 ያሉት ቁጥሮች የንድፍ ቁጥር ናቸው፤ ያኛው የቦልት ነው፣ ሚሊዮን ቦልት ላይ አለ።

ቀጥሎ የበርሜሉ ቀን። 1903 እና 1917 ላይ ከፊት ማነጣጠሪያው ኋላ፣ በርሜሉ አናት ላይ፣ የፋብሪካው ምልክት፣ የሚነድ ቦምብ ምስል፣ ወርና ዓመት ይታያል። ጋራንድ ላይ ግን እጀታው ተስቦ ሲከፈት ብቻ ነው በርሜሉ ቀኝ ጎን ላይ ብቅ የሚለው። የኔ ጋራንድ ሪሲቨሩም በርሜሉም የ1953 ነው። ሁለቱ ሲቀራረቡ ደስ ይላል፤ በርሜሉ ከሪሲቨሩ አሥር ዓመት ዘግይቶ የተሠራ ከሆነ ጠመንጃው መሣሪያ ግምጃ ቤት ገብቶ ታድሷል ማለት ነው። እንጨቱ ላይ የታደሰበት ቤት ምልክት ሊኖር ይችላል፤ አርአርኤዲ የሚል ካያችሁ ቴክሳስ ያለው ሬድ ሪቨር ነው። ይህ ጉድለት አይደለም። አብዛኞቹ ጋራንዶችና ካርባይኖች እንዲህ ናቸው፤ እንደኔ የታደሰ ጠመንጃ ጦሩ ሁለት ጊዜ ያመነበት ነው። ጉድለት የሚሆነው የታደሰውን «ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» ብሎ በእጥፍ መሸጥ ነው።

እንጨቱ ላይ ያሉት ማህተሞች ዋጋ ስለሚጨምሩ አዲስ ማህተም አስቀርጸው የሚመቱ አሉ። እኔ የምጠቀምባት ዘዴ ይህች ናት። አጉሊ መነጽርና ባትሪ ይዤ ብርሃኑን ከጎን ዝቅ አድርጌ አበራለሁ። ከዚያ ማህተሙን የሚያቋርጥ የድሮ ጭረት እፈልጋለሁ። ጭረቱ ማህተሙን አቋርጦ ካለፈ ማህተሙ ቀድሞ ነበር። የማህተሙ መስመር ወደ ጭረቱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከቀጠለ ግን ማህተሙ ከጭረቱ በኋላ ነው የመጣው። የእውነተኛ ማህተም ጠርዝ በሰው እጅና በዘይት ሟሟ ብሏል፤ የትናንቱ ማህተም ስል ነው።

በርሜሉን በብርሃን ተመልከቱ፤ ውስጡ ያሉት ጥምዝምዝ መስመሮች ጉልህ ይሁኑ። ከተቻለ አፈሙዙንና ጥይት መግቢያውን በመለኪያ ለኩ፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። መለኪያ የለኝም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከአንድ መጥፎ በርሜል ይረክሳል።

በጣም የምትፈሩት ግን ተቆርጦ የተበየደ ሪሲቨር ይሁን። መንግሥት ጋራንዶችን ለሁለት ቆርጦ በቁራጭ ብረትነት ሲሸጥ ሰዎች ግማሾቹን አጋጥመው በየዱ። መሃሉ ላይ የብየዳ ስፌት፣ ያልተስተካከለ ቀለም፣ ያለቦታው የተሞረደ ብረት ካያችሁ መልሳችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። ለሰልፍ ልምምድ ተብለው በርሜላቸው ከሪሲቨሩ ጋር በብየዳ የተነካካ 1903ዎችም አሉ፤ እነሱም አይተኮሱም።

ስናይፐር፣ ማለትም መነጽር ተገጥሞለት ከሩቅ ለማነጣጠር የተሠራ፣ ነው የተባለ ሁሉ ደግሞ እስኪረጋገጥ ድረስ አይደለም። ለምሳሌ የ1903 ስናይፐር የሆነውን 1903ኤ4ን የሠራው ሬሚንግተን ብቻ ነው። መነጽሩ የሚቀመጥበት ብረት ጽሑፉን እንዳይሸፍን ተብሎ የፋብሪካው ስምና ቁጥሩ ግራና ቀኝ ወደ ጎን ተመትተዋል። ጽሑፉ እንደ ተራው መሃል አናት ላይ ሆኖ መነጽር ከተጫነበት ቆይቶ የተሠራ ነው። የጋራንድ ስናይፐር የሆነው ኤም ዋን ዲ ደግሞ በተገዙ ክፍሎች በቀላሉ ስለሚሠራ የመንግሥት ሽያጭ ወረቀት ከሌለው የተራ ጋራንድ ዋጋ ክፈሉ።

የት ይገዛል

ለጋራንድ የመጀመሪያው በር ሲቪሊያን ማርክስማንሺፕ ፕሮግራም፣ ሲኤምፒ፣ ነው። የጦሩን ትርፍ ጠመንጃ ለሕዝብ ይሸጣል። መደብሮቹ አኒስተን አላባማና ካምፕ ፔሪ ኦሃዮ ናቸው። የአሜሪካ ዜጋ መሆን፣ ከእነሱ ጋር የተያያዘ ክለብ አባል መሆንና የተኩስ ልምምድ ማስረጃ ማቅረብ ይጠይቃል። ከግሪክ፣ ከዴንማርክና ከፊሊፒንስ የተመለሱ ጋራንዶች በዚህ በር አልፈዋል። ሲኤምፒ ለጠመንጃው የሰጠውን ደረጃ በደንብ አንብቡ፤ አዲስ በርሜልና አዲስ እንጨት የገባለት ለመተኮስ ግሩም ነው፣ ለስብስብ ግን ታሪኩ ግማሹ ተነስቷል።

ጨረታ ላይ የምትመለከቱት የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ ይሁን፤ ከአሸናፊው ዋጋ ላይ የሚጨመር ኮሚሽን መኖሩንም አትርሱ። በርሜሉ ላይ የአስመጪ ድርጅት ስም በትንሽ ፊደል ከተጻፈ ውጭ አገር ቆይቶ የተመለሰ ነው፤ የሰብሳቢ ዋጋው ይቀንሳል፣ ለጀማሪ ግን መልካም ዕድል ነው። ለአደን ተብሎ እንጨቱ የተቆረጠ 1903 ወይም 1917 ካገኛችሁ ደግሞ ሁለት ነገር እዩ። በርሜሉ አጥሯል? ሪሲቨሩ ለመነጽር ተበስቷል? ሁለቱም ካልሆነ የዘመኑን እንጨት ፈልጎ መመለስ ይቻላል። ከተበሳ ግን ቀዳዳ አይመለስም።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ማሳቹሴትስ ሂዱና የስፕሪንግፊልድ ፋብሪካን ጎብኙ። ከ1794 እስከ 1968 የሠራ ቤት ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። እውነተኛውን በብዛት ያየ ዓይን ሐሰተኛው ይጎረብጠዋል።

ቤት ከገባ በኋላ

እባካችሁ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት አትሹት። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሰማንያ ዓመት የቆየ ማህተም በአሥር ደቂቃ ሲጠፋ አይቻለሁ። ቆሻሻው በለስላሳ ጨርቅና በማዕድን ስፒሪት ይነሳል። ኮስሞሊን የሚባለው ወፍራም ቅባት ከሞላበት ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ እየላበ ይወጣል፣ እየጠረጋችሁ ቀጥሉ። ከዚያ የተልባ ዘይት፣ ጥቂት ጠብታ ብቻ፣ በእጅ እያሹ። ዘይቱን የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ጊዜ እሳት ሊያነሳ ይችላል፤ ውኃ ውስጥ ንከሩት ወይም ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ብረቱን አዲስ ቀለም አታስቀቡ። ዝገት ካለ ዘይትና ለስላሳ ናስ ይዛችሁ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ የጦር 30-06 ጥይት ከተኮሳችሁ ጢሱ ጨው ይተዋል፤ ጨውን የሚያሟሟው ዘይት ሳይሆን ውኃ ነው። በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ዘይት ቀቡ። አሜሪካ የሠራችው የጦር ካርባይን ጥይት ይህ ችግር የለበትም። ጋራንድ ላይ የዛሬን ኃይለኛ የአደን ጥይት አታጉርሱ፤ ጋዝ የሚገፋው ዘንግ ይጣመማል። ጋራንድ የሚወለወለው በአፈሙዙ በኩል ስለሆነ የመወልወያው ዘንግ አፈሙዙን እንዳይበላው መከላከያ አድርጉበት።

በቆዳና በስፖንጅ ቦርሳ ውስጥ አታቆዩት፤ እርጥበት ይይዛል። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ያለበት የተቆለፈ የብረት ሳጥን ይሻላል፣ ጥይቱም ሌላ ቦታ ይቆለፍ።

ለእያንዳንዱ ጠመንጃ አንድ ወረቀት ጻፉ። ቁጥሩ፣ የበርሜሉ ቀን፣ ከማን በስንት እንደገዛችሁት፣ የለወጣችሁት ክፍል ካለ። የለወጣችሁትንም አሮጌ ክፍል አትጣሉ፤ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ስም ጽፋችሁበት አስቀምጡ። ወረቀቱን ባለቤታችሁ ወይም ልጃችሁ የሚያውቁት ቦታ አድርጉት። አንድ ቀን እናንተ በሌላችሁበት ያን ሳጥን የሚከፍተው ሰው የሚያነበው እሱን ነው።